በስፒል የተያዙ ቃላት

መጋቢት 4፣ ሰኞ

ዛሬ የዚፕ ቀን ነበር። የሴት ቦርሳ፣ የወንድ ጃኬት፣ አንድ ደግሞ ምን እንደሆነ ያልገባኝ ድንኳን መሳይ ነገር። የሁሉም ዚፕ ተገንጥሎ። ሰው ዚፕ ሲጎትት ምን ያናድደዋል? ያልተከፈተለት ነገር ሁሉ ንዴት እዚያ ላይ ነው መሰለኝ የሚወጣው።

ጭራሮ በጊዜ ከትምህርት ቤት መጣች። የክፍላቸው ጣሪያ እስኪታደስ የሚማሩት ግማሽ ቀን ብቻ ነው አሉ። የቀረውን ቤት ውስጥ። መምህርቷ በየሰኞው ወረቀት ልትልክ ነው። የዛሬው ራሱ ላይ «ከልጅዎ ጋር በቤት ውስጥ የሚሠሩ ተግባራት» ይላል። ከልጅዎ ጋር… ደጋግሜ አነበብኩት።

ልጄ አይደለችም፣ የእህቴ ልጅ ናት፤ ጭራሮ የምላት ስለ ቅጥነቷ ነው። እህቴ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላም። ታናሼ ስለነበረች «እትዬ» ነበር የምትለኝ፤ ልጅቷም ከእሷ አፍ ቀድታ «እትዬ» ትለኛለች። ከጓዳ ስትጠራኝ አንዳንዴ ያቺ የጠራችኝ ይመስለኝና ብድግ እላለሁ። ከዚያ መልሼ እቀመጣለሁ።

የዚህ ሳምንት ተግባር፦ የቤት ዕቃዎችን ስም በወረቀት ጽፎ በየዕቃው ላይ መለጠፍ። ሙጫ የለም። ስፒል ግን… የልብስ ሰፊ ቤት ስፒል አጥቶ አያውቅም።

መጋቢት 5

ጨርቅ የሆነውን በስፒል፣ እንጨትና ብረት የሆነውን በክር። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ትገለብጣለች። መጋረጃ። ትራስ። ወንበር። በር። መቀስ። መስተዋት። ቤቱ ገበያ ላይ የወጣ ዕቃ መሰለ፤ ሁሉም ነገር ወረቀት አንጠልጥሏል።

ካውያው ላይ ያሰርነውን ረስቼ ሰካሁት። ጭስ ሸተተኝ።

«እትዬ! ቃሉ ተቃጠለ!»

ሳቀች። ከልቧ። ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነ? ሌላ ቃል ላቃጥል ሁሉ አሰኝቶኝ ነበር።

የእጅ ጽሑፏ ጥሩ ነው። አንብቢ ስላት ግን ዝም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ክፍል ውስጥም እንደዚሁ ናት ይላሉ። ቤት ውስጥ ወሬ አያልቅባትም፤ ወረቀት ፊት ሲሆን ነው የምትዘጋው።

መጋቢት 10፣ እሁድ

አባቷ መጣ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ረጅም መንገድ የሚሄድ… ነበር ልበል። እንደ ልማዱ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ሊነሳ እንዳለ ሰው።

«እትዬ፣ መኪናውን አስረከብኩ።»

«ምን ልትሆን?»

«መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘሁ። ሌላ ከተማ ነው። ግን በየቀኑ ቤቴ የምገባበት ሥራ ነው። እናቴም አብራን ልትኖር ተስማምታለች።»

«አብራን» ሲል ሰማሁት። እጄ ላይ የያዝኩትን ኮሌታ ማየት ጀመርኩ።

«የዚያን ከተማ ትምህርት ቤትም ጠይቄያለሁ። ሁለተኛ ክፍል ሞልቷል። ሦስተኛ ክፍል ቦታ አለ። ዘንድሮ ካለፈች ሰኔ ላይ እወስዳታለሁ። ከደገመች ግን… ምን አደርጋለሁ፣ ዓመቱን እዚሁ አንቺ ጋ ትቆይ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? አባቷ ነው። እኔ ምን ቤት ነኝ?

ጭራሮ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገብታ ቁልፍ በየቀለሙ ትለይ ነበር። እሱም የመምህርቷ ተግባር ነው። የሰማች አልመሰለኝም። የቁልፎቹ ድምፅ ግን ቆሞ ነበር።

መጋቢት 13

ማንበቧን ልፈትን ብዬ ወረቀቶቹን አቀያየርኳቸው። «በር» የሚለውን ወንበር ላይ፣ «ወንበር» የሚለውን መስተዋት ላይ። ከዚያ ጠራኋት።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ወንበር።»

«ይሄስ?»

«መስተዋት።»

ፊደሉን አላየችም፣ ዕቃውን ነው ያየችው። ልጅቷ ያጠናችው ቤቱን ነው ማለት ነው። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ወረቀቶቹን ወደየቦታቸው ስመልስ ያ ነገር መጣብኝ። «ከደገመች እዚሁ ትቆይ።» እና… ደስ አለኝ። እዚህ ማንም አያይም፣ ልጻፈው። ደስ አለኝ።

መጋቢት 19

የዚህ ሳምንት ተግባር፦ «የማን ነው?» በቤት ውስጥ ያለው ነገር የማን እንደሆነ ልጁ ለይቶ ይጽፋል።

«የእትዬ» የሚል ብዙ ጻፈች። መቀሱ የእትዬ። ወንበሩ የእትዬ። አልጋው የእትዬ። ለጎረቤታችን ለአናጢው ያሳጠርኩለት ሱሪ ላይ «የአናጢው»። ጥሩ። ከዚያ «የኔ» የሚል አንድ ጻፈች፣ አሳምራ፣ ዙሪያውን በቀይ እርሳስ ከባ። ይዛው ቤቱን ዞረች። ጓዳ ገባች፣ ወጣች። መስኮቱ ጋ ቆመች።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የኔን።»

«አልጋውስ? የምትተኚበት?»

«የአንቺ ነው፤ አብረን ነው የምንተኛበት።»

«ቦርሳሽስ?»

«እሱ የትምህርት ቤት ነው።»

«እንግዲያው የፈለግሽው ላይ ስኪው። የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ።»

አሰበች። አልሰካችውም። ኪሷ ከተተችው። አንጀቴን በላችው… ስምንት ዓመት ኖራ «የኔ» የምትለው ነገር ያጣች ልጅ። የነበራትም አንዲት እናት ናት፣ እሷም ሄደች።

መጋቢት 27

ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርገው በሳሙና ስባሪ ነው። በጥቁር ጨርቅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ሲያራግፉት ይጠፋል። ዛሬ ለጭራሮ ትልቅ ጥቁር ቁራጭ ግድግዳው ላይ ዘረጋሁላትና በሳሙና ፊደል አስጻፍኳት። ወደደችው። ጻፈች፣ አራገፈች፣ ጻፈች። አፍንጫዋ ሳሙና በሳሙና ሆነ።

እናቷንም እንዲህ ነበር ፊደል ያስቆጠርኳት። እኔ ስፌት ለማጅ፣ እሷ እንደ ዛሬዋ ጭራሮ። ያኔም ጥቁር ጨርቅ፣ ያኔም ሳሙና። «እትዬ፣ ስሜን ጻፊልኝ» ትለኝ ነበር። እጽፍላታለሁ። ራሷ አራግፋ ታጠፋውና እንደገና ጻፊልኝ ትለኛለች… ናፈቀችኝ። ዛሬ የናፈቀችኝ በአንድ ጥግ አይደለም፣ በቤቱ ሙሉ ነው።

ጭራሮ መርፌዬ ላይ ክር አስገባችልኝ። ዓይኔ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቀዳዳውን አይጨብጥም። እሷ ምራቋን ክሩ ላይ ታደርግና አንድ ጊዜ ሹልክ።

ሚያዝያ 4

ዛሬም ምንም አላጠናንም። ሥራ በዝቶብኝ ነው… ሥራ በዝቶብኝ ነው?

ሚያዝያ 10

መምህርቷ አስጠራችኝ። ልጅ እግር ናት፣ ጉሮሮዋ ሁልጊዜ የሻከረ። ስድሳ ልጅ ላይ ስትጮህ ውላ ምን ይሁን።

«እናትየዋ…» አለችና ደነገጠች። «ይቅርታ።»

«ግድ የለም፣ አክስቷ ነኝ።»

«ሒሳቧ ደህና ነው። ድምፅ አውጥታ አታነብም ግን። አንድም ቃል። በሰኔ ፊቴ ቆማ ካላነበበች ላሳልፋት አልችልም፣ ትደግማለች። ቤት ውስጥ እየሠራችሁ ነው?»

«እንሠራለን» አልኩ። ዋሸሁ። ካቆምን ሁለት ሳምንት ሊሆነን ነው።

ስመለስ እግሬ ቀለለኝ። ለጭራሮ ብስኩት ገዛሁ። ምን ሆኜ ነው? ልጁ ትደግማለች ተብሎ ብስኩት የሚገዛ ሰው አለ? በር ላይ ስደርስ የገዛሁት ነገር አስጠላኝ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሚያዝያ 17

ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ አናጢው ሱሪውን ይዞ ሲሄድ መንገድ ላይ አገኘሁት።

«ማን ሰጠህ?»

«ሠራተኛሽ» አለ እየሳቀ። «ደሞዟን ጨምሪላት።»

አናጢው ሱሪውን ይዞ መሄዱ አይደለም የገረመኝ። ሁለት ግራጫ ሱሪ ነበር የተሰቀለው። አንዱ የእሱ፣ አንዱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ አንድ ዓይነት ቁመት። እኔ ራሴ የምለያቸው ጽፌ በሰካሁባቸው ወረቀት ነው።

«የአናጢው የቱ እንደሆነ በምን አወቅሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ብልጭ አለ።

«አሽትቼ። የእንጨት ሽታ አለው።»

የዘበኛውን አነሳሁና አሸተትኩ። ሁለቱንም ትናንት ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሳሙና ብቻ ነው የሚሸተው። ዓይኗን በጨው አጥባ!

ሚያዝያ 18

ፈተንኳት። ጥቁሩ ጨርቅ ላይ በሳሙና «መሳቢያው ውስጥ ብስኩት አለ» ብዬ ጻፍኩና ልብስ ላደርስ ወጣሁ። ስመለስ ጭራሮ በሩ ላይ ተቀምጣ ድንጋይ ትቆጥራለች። ጨርቁ አልተነካም። መሳቢያውን ከፈትኩ። ብስኩቱ አለ፣ ማሸጊያውም እንደ ነበረ ተጠቅልሏል። አፈርኩ። ልጅቷን በከንቱ ጠረጠርኳት።

ከዚያ ፈታሁት። የሁሉም ብስኩት ጫፍ፣ ጫፍ ብቻ፣ ተቀምሷል። እንደ አይጥ።

እንዴት እንደሳቅኩ። ማሽኑ ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ። ታነባለች። ማንበብ ትችላለች። የሸሸገችውም ከእኔ ነው… ወይስ ለእኔ?

ሚያዝያ 21

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። አሁን ግን ሁለት ነን፤ እሷ አውቃ ተኝታለች፣ እኔም አውቄ አልቀሰቅሳትም። አብረን እንበላለን፣ አብረን እንተኛለን፣ መርፌዬ ላይ ክር ታስገባልኛለች። ስለ ብስኩቱ ማናችንም አልተነፈስንም። ሆድ ይፍጀው።

ሰኔ ሳይመጣ ቢቀርስ?

ሚያዝያ 29፣ እሁድ

አባቷ መጣ። አዲስ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዞ። ሰማያዊ። ትከሻዋ ላይ ሲያነግተው ሁለት ጭራሮ ይይዛል።

የሳምንቱ ተግባር በስንዝር መለካት ነበር። ጠረጴዛውን ልጁ ይለካል፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ይለካል፣ ለምን እንደተለያየ ይወያያሉ። እኔ ሆን ብዬ ጓዳ ቆየሁ። ይሠሩት አይሠሩት ብዬ።

ሠሩት። እሷ እየተንጠራራች ለካች። እሱ ያን ሰፊ እጁን ዘረጋ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ አድርጎ ጨረሰ።

«አጭበረበርክ!» አለችው።

«ምኔ ነው ያጭበረበረው?»

«እጅህ ትልቅ ነው።»

«ታዲያ ልቁረጠው?»

ሳቀ። እህቴ ካረፈች ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም። ወደ ወንበሩ ሲመለስ ጫፉ ላይ አልተቀመጠም፣ ተደግፎ ተቀመጠ።

ስሸኘው በሩ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ወራት እሷን ማየት ፈርቼ ነው የጠፋሁት። የእናቷ ዓይን ነው ያላት። ሳያት መሪ መጨበጥ ያቅተኝ ነበር። አሁን ግን ካልቀረብኳት ሁለቱንም ማጣቴ ነው።»

ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። እንዳልጠላው አደረገኝ።

ግንቦት 9

ዛሬ የመምህርቷ ተግባር ልጆች ተሰባስበው እየተፈራረቁ ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡ ነበር። የሰፈራችን ሁለተኛ ክፍሎች በረንዳችን ላይ ተሰበሰቡ። እኔ በመስኮቱ አጠገብ እጅጌ እየገጠምኩ እሰማለሁ።

ተራው ጭራሮ ጋ ደረሰ። ቃሉ ቀላል ነበር። «ቤት»። ሁለት ፊደል! መሳቢያው ውስጥ ብስኩት አለ የሚለውን አንብባ ጨርሳ የለ?

«በ…» አለች። «በ… ባ…»

አንዲቷ ልጅ አፏን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም። «ደደብ! ታናሽ ወንድሜ እንኳ ያነበዋል!»

ጭራሮ አንገቷን ደፋች። አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። ስድቡን ዝም ብላ ተቀበለችው፣ የሚገባውን ዕቃ እንደሚቀበል ሰው። ያ ነው የገደለኝ። ይቺ እሳት የላሰች ልጅ ደደብ መባልን ተሸክማ ልትኖር ወስናለች፣ እኔም መስኮት ሥር ተቀምጬ ዋጋውን እያየሁ እጅጌ እገጥማለሁ።

እጅጌውን ገልብጬ ነበር የገጠምኩት። ፈታሁት።

ግንቦት 10

ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ወገቤ። እሷ ቁልፎቿን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ትጎጂያለሽ።»

«ዝም በይ። ብስኩቱ ጣፈጠሽ?»

አንድ ቁልፍ አንስታ እፍኟ ውስጥ ደበቀች።

«ማንበብ ማን አስተማረሽ?»

ቁልፎቹን እያየች፦ «እናቴ። ሆስፒታል ተኝታ በየበሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢልኝ ትለኝ ነበር። እሷ መነሳት ስለማትችል። እየዞርኩ አነብና መጥቼ እነግራታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… ሌላ ሰው ፊት ማንበብ አላሰኘኝም። ኋላ ደግሞ አባዬ ካለፈች እወስዳታለሁ አለ።»

ሰምታለች። ያን ዕለት ቁልፎቹ ዝም ያሉት ለዚህ ነው።

«አባትሽን አትወጂውም?»

«እወደዋለሁ።» አለቀሰች። «ግን እኔ ከሄድኩ ክር ማን ያስገባልሻል?»

ለኔ ብላ ነው እንዴ? ሁለታችንም አንዳችን ለሌላችን ስንል አንድ ላይ እየዋሸን… እቅፍ አደረግኳት። ራሴን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨሁ። እሷ እያለቀሰች ሳቀች።

«ስሚኝ ጭራሮዬ። ክር እኔ አስገባለሁ። ካቃተኝ አናጢውን እጠራለሁ።»

«የሱ ጣት ወፍራም ነው።»

«መነጽር እገዛለሁ። አንቺ ግን በሰኔ ቲቸር ፊት ቆመሽ ታነቢያለሽ። የምታውቂውን አላውቅም አትበዪ። እኔም አብሬሽ ዋሽቻለሁ፤ እንድትቀሪልኝ ብዬ። ካሁን ወዲያ አልዋሽም።»

«ካነበብኩ እኮ እሄዳለሁ።»

«አውቃለሁ።»

ይህን ቃል ከአፌ ለማውጣት የከበደኝን ያህል በሕይወቴ የከበደኝ የለም።

ግንቦት 23

በየቀኑ እናነባለን። የዱቄት ከረጢት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የአናጢው በር ላይ የተጻፈውን «ዛሬ በዱቤ የለም»። ድምፁ መጀመሪያ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር። አሁን ወጣ። ቤቱ ሙሉ እሷን ይሰማል። ስትሄድ ምን ሊሰማ ነው?

ሰኔ 7

ንባቡ ዛሬ ነበር። አሳዳጊ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ልጁ መምህርቷ ፊት ይቆማል። የልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬ ደርሶ ተቀመጥኩ።

ጭራሮ መጽሐፉን ያዘች። አላየችውም። ዞራ እኔን አየችኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ልጅቷ ፈራች ይላል። አልፈራችም። ለመጨረሻ ጊዜ እየጠየቀችኝ ነበር። ራሴን ብነቀንቅ… ወደ ጎን ብነቀንቅ ኖሮ መጽሐፉን ትዘጋው ነበር። አውቃለሁ። መምህርቷም «ትደግማለች» ብላ ትጽፍ ነበር፤ እኛም ተያይዘን ወደ ቤት።

አሰብኩት እንዴ? አዎ፣ አሰብኩት።

ከዚያ ራሴን ወደ ታች ነቀነቅኩ።

አነበበች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ነጥቡ ላይ እየቆመች። ስለ እጅ መታጠብ ነበር። ከመብላት በፊት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ። ስለ እጅ መታጠብ ሲነበብ የሚያለቅስ ሰው ይኖራል? እኔ አለቀስኩ። መምህርቷም በዚያ በሻከረ ጉሮሮዋ «እሰይ! እሰይ!» አለች፤ ደስ ብሏት የማለቅስ መስሏት ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ደስም ብሎኝ ነበር እኮ። ሐሰት አይደለም።

አልፋለች።

ሰኔ 18፣ እሁድ

ነገ ይመጣል።

ልብሶቿን ስጠርዝ ዋልኩ። ቀሚሶቿ ሁሉ ወደ ታች የሚለቀቅ እጥፋት አላቸው፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁላት። ስታድግ አያቷ ይፍቱት። እኔ አልፈታውም… ቁመቷን እኔ አላየውም።

«ወረቀቶቹን እንንቀላቸው?» አልኳት። በሩም፣ ወንበሩም፣ መጋረጃውም እስካሁን ስማቸውን እንዳንጠለጠሉ ናቸው።

«ተያቸው። እንዳትረሺያቸው።»

«በርን በር መሆኑን ልረሳ?»

«አርጅተሻል እኮ።»

በጥፊ ልላት እጄን አነሳሁ፣ ሮጠች። ስትመለስ የመርፌ ትራሴን ይዛ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። የተሰኩትን መርፌዎች ሁሉ ክር አስገባችባቸው። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡኒ፣ ሰማያዊ።

ሰኔ 19

ሄደች።

አባቷ የጓደኛውን መኪና ይዞ መጣ። ቦርሳዋን አነገተች፣ ያንን ሰማያዊ። አላለቅስም ብዬ ጠዋት ለራሴ ምዬ ነበር። ተንበርክኬ አቀፍኳት። አጥብቃ ያዘችኝ፣ እጇ ጀርባዬ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ትዳብሰኛለች መሰለኝ። ቆየች። አንድ ነገር ወጋ አደረገኝ፣ የቦርሳዋ ማያያዣ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

«ደህና ሁኚ እትዬ።»

«ሂጂ። አያትሽን አታስቸግሪ። ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ።»

አባቷ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ክረምቱ ሲያልፍ ይዣት እመጣለሁ» አለኝ። ያመጣታል፣ ቃሉን ያከብራል። ግን እንግዳ ሆና ነው የምትመጣው።

መኪናው እስኪታጠፍ ቆምኩ። ከዚያ ቤት መግባት አቃተኝና ዝም ብዬ መንገዱን ይዤ ሄድኩ። ክር ገዛሁ፣ የማልፈልገውን ቀለም። ባለሱቋ ከኋላዬ ሳቅ ስትል ሰማሁ። ሁለት ሴቶች አልፈውኝ ዞር ብለው አዩኝ። ዓይኔ ማበጡ ነው አልኩ። እንግዲህ ይዩኝ።

አናጢው በሩ ላይ እንጨት ይልጋል። አልፌው ልሄድ ስል ላጊውን አስቀመጠ።

«ቆይ እስቲ። ጀርባሽ ላይ ወረቀት አለ።»

«የምን ወረቀት?»

«በስፒል የተሰካ። የልጅ ጽሑፍ ነው። ዙሪያው ቀይ።»

አወቅኩት። በመጋቢት የጻፈችው፣ ይዛው ቤቱን ስትዞርበት የዋለችው፣ የምትሰካበት ነገር አጥታ ኪሷ የከተተችው። እኔ ረስቼው ነበር። እሷ ግን እስከ ዛሬ ይዛው ኖራለች።

«ምን ይላል?» አልኩት። እያወቅኩ። ሰው ሲያነበው ልስማ ብዬ።

«‹የኔ› ይላል።» እጁን በሱሪው ጠረገ። «ልንቀልልሽ?»

«ተወው» አልኩት።

አሁን ስጽፍ ወንበሩን ሳልደገፍ ነው የተቀመጥኩት።